የጊቤ ቁልቁለት ከጅማ ይጀምራል፦ ለአንድ የመኪና ባለንብረት ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ጸሐፊው የሁለት ጭነት መኪና ባለንብረት ናቸው። ርእሱ «የሾፌር ደኅንነት በገዛ እጁ ነው» ይላል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ «ይኸው፣ እውነቱን አፍረጠረጡት» ብሎ ጽፎበታል።

ሰውየው ክፉ አይመስሉኝም። አንዱ መኪናቸው ባለፈው ክረምት ተገልብጦ እስካሁን ጋራዥ እንደቆመ ይናገራሉ። እልህ ይዟቸው ነው የጻፉት። እልሁ ይገባኛል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ሰው ያስገድላል ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። አደጋ የሚመጣው ከጫትና ከፍጥነት ነው። የ8 ሰዓት ሕግ ለቢሮ ሠራተኛ እንጂ ለጭነት መኪና አይሆንም፤ ሾፌር መኪናው ሲጫን ያርፋል። በቢያጆ፣ ማለትም በየጉዞው፣ የሚከፈለው ሾፌር ውል የለውም፣ የራሱ አለቃ ነው። ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞች ሄልሜት ቢገዛላቸውም አያደርጉትም። ጋቢና ውስጥ መተኛት የአልጋ ወጪ ያድናል፣ ማንንም አይጎዳም። በመጨረሻም ጥንቃቄ የሚባለው ነገር ሁሉ ወጪ ነው፣ ወጪው ዞሮ ዞሮ የሸማቹ ኪስ ላይ ነው የሚያርፈው።

እኔ አምስት ዓመት ረዳት፣ ዘጠኝ ዓመት ሾፌር ነበርኩ። አሁን አጂፕ አካባቢ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ፤ በእሳቸው ቅደም ተከተል ግን አልሄድም። ከሰዓቱ ጉዳይ እጀምራለሁ። ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

መኪናው ሲጫን ሾፌሩ ያርፋል ይላሉ። የቡና መጋዘን ደጅ የቆመ ሾፌር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ተራ ይጠብቃል። ፊቱ ያለው መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር አስነሥቶ መጠጋት አለበት። ተራው ሲደርስ ጆንያ ይቆጥራል፤ አንድ ከጎደለ ከፋዩ እሱ ነው። ሚዛን ይገባል። ወረቀት ያስፈርማል። ዝናብ ከመጣ፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፣ ከረዳቱ ጋር ሸራ ይጎትታል። ይህ ሥራ ነው። ዕረፍት ማለት ጋደም ብሎ እንቅልፍ መውሰድ ነው።

አንድ ሌሊት ላስታውስ። ያኔ ረዳት ነበርኩ። መኪናው አይሱዙ ነው። ሾፌሩን ጋሼ ነበር የምላቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሁለታችንም ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ነቅተናል። ጭነቱ ያለቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቱ ደወለ። ጠዋት አውራጆች አዲስ አበባ ይጠብቋችኋል፣ አሁኑኑ ተነሡ አለ። ጋሼ ስልኩን ዘግተው ለአፍታ መሪውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ አስነሡት።

ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አለፍን። የጋሼ ጉንጭ ሙሉ ነው። አበልቲ ስንደርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። 20 ሰዓት ነቅተዋል ማለት ነው። ከአበልቲ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጆሮ ይደፍናል፣ ከታች ወበቅ በመስኮት ይገባል። ጋሼ ማርሹን ነቅለው በዜሮ ለቀቁት።

ይህን ያደረጉት ስላበዱ አይደለም። ባለቤቱ ናፍጣ የሚሰጠን በልክ ነበር። ለአንድ ቢያጆ ይህን ያህል ሊትር፣ ካለፈ ከሾፌሩ ይቆረጣል። በዜሮ መውረድ ናፍጣ ያተርፋል ስለሚባል ብዙ ሰው ያደርገዋል። (ትርፉም የለም። በማርሽ ሲወረድ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሣ ፓምፑ ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል። በዜሮ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ይህን የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ነው።)

ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ዞር ብዬ ጋሼን አየኋቸው። ዓይናቸው ክፍት ነው። «ጋሼ፣ ፍሬን እየሸተተ ነው» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ትከሻቸውን ስነካቸው ብርግግ አሉ። ዓይናቸውን ገልጠው ተኝተው ነበር።

ፍሬኑን ረገጡት። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሽ ለማስገባት ታገሉ። ጮኸ፣ እምቢ አለ፣ በስንት መከራ ገባ። ወደ ተራራው ጥግ አስጠግተው ጎማውን ቦይ ውስጥ ከተው አቆሙት። ዘልዬ ወርጄ ድንጋይ ፍለጋ ጀመርኩ። ታኮ፣ ማለትም ጎማ ሥር የሚገባ ማገጃ፣ አልነበረንም። በጨለማ መሬቱን እየዳበስኩ ነው ድንጋይ የፈለግሁት። ከኋላው ጎማ ጢስ ይወጣል። ጋሼ መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ምንም አላሉም። ውሃ ብቻ ጠየቁኝ።

ያ መኪና ቢገለበጥ ኖሮ በማግስቱ ጅማ ላይ የሚወራው «ጫት የቃመ ሾፌር ሰው ጨረሰ» የሚል ነበር። የመነሻውን ሰዓት የቆረጠው፣ ናፍጣውን የለካው፣ ታኮ ያልገዛው ሰው በወሬው ውስጥ አይኖርም። የጸሐፊው ጽሑፍም እንደዚያ ወሬ ነው የተሠራው። ሾፌሩ አለ፣ ጫቱ አለ፣ መንገዱ አለ። የደወለው ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ታትሟል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። 24 ሰዓት ከሞላው 0.10 በመቶ እንዳለበት ነው። ጋሼ ያን ሌሊት 20 ሰዓታቸው ነበር። በዚያ ላይ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ሰውነት እንቅልፍን አጥብቆ የሚጠይቅበት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ 4 ሰከንድ ቢያሸልብ 66 ሜትር ያለ ሾፌር ይጓዛል። የጊቤ መታጠፊያዎች 66 ሜትር አይሰጡም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። አዋጁ ሾፌርን ከዚህ ለይቶ አላወጣም። እሳቸው የጭነት መኪና የራሱ ጠባይ አለው ካሉ ደግሞ ለሾፌር ተብሎ የተጻፈ ሰነድም አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው 153ኛው ስምምነት ሾፌር ከ4 ሰዓት በላይ ሳያርፍ እንዳይነዳ፣ በቀን በጠቅላላው ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ተከታታይ ሰዓት እንዲያርፍ ይላል። እስቲ ልብ በሉት። ጭነት ይዞ ከጅማ የተነሣ መኪና አራተኛው ሰዓት የሚሞላው የት ነው? አበልቲ አካባቢ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ። ከመውረድ በፊት የሚቆምበት ቦታ ራሱ ሰዓቱ ነው የሚነግረን።

ዛሬ አዲስ አበባ ለጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ስላላት «ሌሊት ሂድ» የሚለው ግፊት ብሷል። ይህን ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር። ገደቡ የከተማውን መጨናነቅ ያቃልል ይሆናል፤ ክብደቱ ግን በገጠሩ መንገድ ላይ ነው የወደቀው። መፍትሔው ሾፌሩን በእንቅልፍ ሰዓቱ ማስነዳት አይደለም። አንድ ቀን ቀድሞ መጫን ነው።

አሁን ወደ ጫቱ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ጫት ቅሞ መንዳትን አልከላከልም። እኔም ቅሜ ነድቻለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ጫት እንቅልፍን ይሸፍነዋል እንጂ አይተካውም። ምርቃናው ሲወርድ የተከማቸው እንቅልፍ ባንዴ ይመጣል። ከዚያ ላይ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃና ለማብረድ የሚጠጣው መጠጥ፣ ከተጨመረበት አለቀ። ሾፌሮችም ይህን እወቁ፦ ሕጉ አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ግን በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ሥራ ላይ ተገኝቶ ከተጎዳ ያ መብት ሊያመልጠው ይችላል። ቤተሰብ ባዶ እጁን የሚቀረው በዚህ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥ የተባለ፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲቆጥር የዋለ ሰው፣ በምን ነቅቶ እንዲነዳ ነው የሚጠበቀው? ጫቱን ገዝቶ ጋቢና ውስጥ የሚያስቀምጥ ባለቤት አይቻለሁ። እንደ ውሎ አበል ቆጥሮት ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው በሳምንት አንድ ጉዞ ለመጨመር ይሮጣል። ክፍያው ነው የሚያሮጠው።

ውል የለውም፣ የራሱ አለቃ ነው ያሉት ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ደግሞስ የመነሻ ሰዓቱን ሌላ ሰው የሚወስንለት፣ ናፍጣው የሚለካለት፣ የጎደለ ጆንያ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው እንዴት ሆኖ ነው የራሱ አለቃ የሚሆነው? ጽሑፋቸው ውስጥ «አልነሣም ማለት ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገርም አለ። በወረቀት ላይ እውነት ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት ሕይወቱን አደጋ ላይ ከሚጥል ሁኔታ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። በተግባር ግን «አልነሣም» ያለ ሾፌር ቁልፍ አስረክቦ ነው የሚሄደው። ቁልፉን የሚቀበል ሌላ ሾፌር መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየጠጣ ነው።

ሞተረኞቹን በተመለከተ። ጅማ ላይ አሁን ምሳም፣ መድኃኒትም፣ ከመናኸሪያ የሚመጣ ዕቃም በሞተር ነው ቤት የሚደርሰው። ልጆቹ ሄልሜት አያደርጉም ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሱቄ በር ላይ ዝናብ ሊያሳልፍ የቆመ አንድ ልጅ ሄልሜቱን ተቀብዬ አየሁት። ማሰሪያው ተበጥሷል። በሲባጎ ቋጥሮታል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ በሌላ ሰው ላብ የሻገተ ነው። ለሦስት ልጆች በፈረቃ አንድ ሄልሜት ነው ያላቸው። «ጋሼ፣ ስገባበት ራሴን ያሳክከኛል» አለኝ። ሄልሜት በሞተር አደጋ የሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ አሳይቷል። ይህ ግን በልኩ ለተሠራና ለታሰረ ሄልሜት ነው። በሲባጎ የተቋጠረው መጀመሪያ የሚበረው እሱ ነው።

ከልጁ ጋር በቆምንባት ሩብ ሰዓት ስልኩ አራቴ ጮኸ። «የት ደረስክ?» ነው ጥያቄው። ሁሉንም አነሣ። ዝናቡ ሲያባራ ስልኩን በሄልሜቱና በጆሮው መሐል ሸጎጠው፣ እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ ወጣ። ያን ልጅ አደጋ ላይ የሚጥለው ደዋዩ ጭምር ነው። ደዋዩ አሠሪ ብቻም አይደለም። እኛ ምሳ ያዘዝነውም ነን።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ሰው ደግሞ አለ። ረዳቱ። ጭነት ጫፍ ላይ ወጥቶ በዝናብ ሸራ የሚያስረው እሱ ነው። መሰላል የለውም፤ ስፖንዳውን (የጭነት ሣጥኑን ጎን) ረግጦ፣ ገመድ ይዞ ነው የሚወጣው። እጁ ላይ ጓንት የለም። ጫኞቹም አሉ። ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ጆንያው 60 ኪሎ ነው። የበቆሎው ኩንታል 100። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክር አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። ወገባቸው የሄደ የጅማ ጫኞችን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጎንበስ እንዳሉ ነው የሚሄዱት።

ጋቢና ውስጥ መተኛት ማንንም አይጎዳም ላሉት። የጊቤ ሸለቆ ወባ አለበት። መስኮት ከፍቶ የተኛ ይነደፋል። መስኮት ዘግቶ፣ ሞተር አስነሥቶ ወይም ለብርድ ከሰል አስገብቶ የተኛ ደግሞ ከነጭራሹ ላይነቃ ይችላል፤ ጢሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ቢያንስ አጎበርና ብርድ ልብስ የመኪናው ዕቃ ይሁኑ። ክሪክና ትርፍ ጎማ እንደሚያዘው ሁሉ።

ወጪውስ? እዚህ ላይ የመለዋወጫ ነጋዴ ነኝና ዋጋ አውቃለሁ። ታኮ አናጺ ከቁራጭ እንጨት ይሠራዋል። ጓንት፣ ገመድ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ ሁሉም ቢደመሩ የአንድ ጎማ ዋጋ አይሞሉም። የፍሬን ሸራ ሳያልቅ መቀየር ከተበላ በኋላ ከበሮውን ከመቀየር ይረክሳል። ትልቁ ወጪ ሰዓት ነው ይሉኝ ይሆናል። ቡና አይበሰብስም። ንጋት ላይ የሚደርስ ቡናና ከሰዓት የሚደርስ ቡና አንድ ቡና ነው። አቮካዶና ሙዝ ይቸኩላሉ፤ ለእነሱ ሁለት ሾፌር ይመደብ፣ ወይም በጠዋት ይጫኑ። ደግሞ የእሳቸው መኪና ስንት ወር ነው ጋራዥ የቆመው? ያ ወጪ አይደለም?

ልክ ያሉበትንም ልናገር። መንገዱ ላይ ለጭነት መኪና የተዘጋጀ መቆሚያ፣ ሽንት ቤትና ውሃ ያለው ማረፊያ የለም ማለት ይቻላል ብለዋል። እውነት ነው። ሾፌሮች ሽንት ቋጥረው፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ኪንታሮት፣ የወገብ ሕመም፣ ደም ግፊት የሾፌር ጓደኞች ናቸው። በዓመት አንዴ ዓይን፣ ስኳርና ግፊት ይመርመሩ ያሉትንም በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ለመኪናው ቦሎ አለው፤ ለሾፌሩ የለውም። ባለንብረቱም ዕዳ ውስጥ ነው ያሉት እውነት ነው። የባንክ ብድር ያለበት ሰው ቢያጆ ሲቀርበት እንቅልፍ አይወስደውም፣ አውቃለሁ።

ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። ከልባቸው የጠየቁ ስለመሰለኝ ከልቤ ልመልስ። አንድ ወረቀት ከጭነት ሰነዱ ጋር ይያያዝ። አራት መስመር ይበቃዋል፦ ሾፌሩ ዛሬ የነቃበት ሰዓት፣ ጭነት የጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት። ከታች ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ባለንብረቱም ይፈርም። በነቃበትና በተነሣበት መሐል 12 ሰዓት ካለፈ መኪናው እዚያው ጅማ ይደር። ሌሊቱን የቆመ መኪና ገንዘብ ያጣል። የጠፋ ገንዘብ ተሠርቶ ይመለሳል።

ወረቀቱን አሳትሜ ሱቄ አስቀምጫለሁ። በነጻ ነው። ሁለተኛው መኪናዎ ሐሙስ እንደሚጫን ጽፈዋል። ረቡዕ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሱቅ አለሁ።